የተራ ቤቱ ታብሌትና የየኔታ ጋቢ

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 10 ሰዓት

የታብሌቱ ባትሪ 14 ከመቶ። ጠዋት ሳስረክብ 90 ነበር። ማንም አልነካውም ተባልኩ። እንግዲህ አይጥ በልቶት ይሆናላ።

ከት/ቤት በቀጥታ ወደ ተራ ቤት፣ እንደ ሁልጊዜው። አንቺ ደብተር ከቦርሳዬ ወጥተሽ ስለማታውቂ ልንገርሽ። ተራ ቤት ማለት ከደባርቅ መውጫ ላይ፣ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። የሰፈራችን ባለበቅሎዎች ደጇ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይጠብቃሉ። እንግዳ ሲመጣ ከዝርዝሩ ራስ ያለው ሰው ሻንጣውን ይጭናል፣ ተራራው ላይ ጨነቅ የሚባለው ሰፈር አድርሶ ይመለሳል፣ ከዝርዝሩ ጭራ ይገባል። ሕፃን የሚገባው ነገር። ይህን ማወላገድ ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል።

ችሎታው ያለው ሰው አለ ብዬ እጠረጥራለሁ።

ማስረጃ፦ ታብሌቱ ከመጣ ወዲህ አባባ የጫነው አንድ ጊዜ። ጥጋቤ አራት። ጥጋቤ የማን የሚስት ወንድም ነው? የተራ አስከባሪው፣ የየኔታ ላቀው። ልተወው፣ እየመጡ ነው።

እዚያው ቀን፣ ምሽት

አባባ ዛሬ ወሰነ። እስከ ኅዳር ሚካኤል ሁለት ጭነት ካላገኘ ሙሽሪትን ዳባት ገበያ ያወጣታል። ሙሽሪት በቅሏችን ናት። የዘንድሮ ገብስ ለሰውም ለበቅሎም አይበቃም። እንግዳው ደግሞ በጣት የሚቆጠር ሆኗል።

ክፋቱ፣ ተራው የበቅሎ ነው እንጂ የሰው አይደለም። በቅሎውን የሸጠ ከዝርዝር ይሰረዛል። አባባ እዚያ ደጅ ላይ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ቆሟል። ከተሰረዘ በኋላ የት ነው የሚቆመው?

ይህን ሁሉ የተናገረው ለሙሽሪት ነው፣ ጆሮዋን እያከከ። እኛ አጠገብ ስለነበርን ሰማን።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ። 9፡30

ስለ ዕቃው ፍርድ ልስጥ። ማንንም ሳልፈራ።

ትንሽ ነው፤ ከዳዊት መጽሐፍ ብዙም አይበልጥም። ርካሽ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ካሳ ከጎንደር ሲያመጡት «የመጨረሻው ነው» ተብለው ነው። የምን መጨረሻ እንደሆነ አልጠየቁም። ከጀርባው ስሙ ተልጦ ሁለት ፊደል ቀርቷል።

በጎው፦ ቀላል ነው። ሁለት ጊዜ ወድቆ አልተሰበረም፣ ሁለተኛው ከበቅሎ ጀርባ ላይ ነበር። ኔትወርክ ባይኖርም ሰንጠረዡ ይሠራል። ደግሞ ራሱ ይደረድራል። ሰው ከጨነቅ የተመለሰበትን ቀን ከሰጠሽው፣ ቀድሞ የተመለሰውን፣ ማለትም ብዙ ያረፈውን፣ ከላይ ያወጣዋል። ይህን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ በክፍላችን ይህን የሚችል ሌላ የለም፣ ትሕትናዬን እዚህ ላይ አንባቢ ያመስግን። ድሮ እያንዳንዱ ሰው የመጫኛ ገመዱን ግድግዳው ላይ በተመቱ ሚስማሮች በተራ ይሰቅል ነበር። ገመዱ እግር እያወጣ ሚስማር ይቀይራል፤ ጠዋት ጠዋት ዱላ ይመዘዛል። ማሽን አይዋሽም ተብሎ ታብሌት መጣ።

ክፉው፦ በፀሐይ ምንም አይታይበትም። በብርድ ይፈዛል። ጣት ይመርጣል። የኔን ይሰማል፤ የባለበቅሎ ጣት ግን እንደ ቀንድ ስለደረቀ ሰው የነካው አይመስለውም። የኔታ ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ነው የሚነኩት፣ ገጽ እንደሚገልጥ ሰው። ስክሪኑ ጠባብ ስለሆነ ለእሳቸው ዓይን ብዬ ስሞቹን አሳድጌ ሌላውን ዓምድ ወደ ጎን ሸሽጌዋለሁ። ባትሪው ጨርሶ ካለቀ ደግሞ ቀን ይረሳል። ሲነሣ እናቴም ያልተወለደችበት ዘመን ላይ ነው የሚነቃው። ስለዚህ የመመለሻውን ቀን ለእሱ አንተውለትም፤ በእጅ እንመርጥለታለን። ጠዋት የሚገባውን ሰው የኔታ፣ ከሰዓት የሚገባውን እኔ።

ይህን የነገርኳቸው ዕለት የኔታ ፊታቸው በራ። ቀን ለእኔ ተይው አሉ። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ናቸው፤ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል በቃላቸው ያወጣሉ። ቀኑን የሚረሳ ዕቃ ሲያዩ ያዘኑለት መሰለኝ። እንደ ሰነፍ ተማሪ ነው የሚያዩት።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ት/ቤት የለም። ጠዋት የሚሆነውን በዓይኔ አየሁ።

ጥጋቤ ከጨነቅ ገባ። እሱ መንገድ ላይ አድሮ ጠዋት ነው የሚደርሰው። አባባ ሙሽሪትን ብርድ እንዳይመታት ስለሚል ሳይነጋ ተነሥቶ ያን ሁሉ መንገድ ሳያድር ከሰዓት ይደርሳል። ይኼ ጸባዩ ነው።

የኔታ ታብሌቱን ያዙ፣ ጋቢያቸውን ከራሳቸው በላይ ጎትተው ሙሉ በሙሉ ውስጥ ገቡ። ስክሪኑ በፀሐይ ስለማይታይ ነው ይላሉ። ከውጭ ሲታዩ ድንኳን ናቸው። ድንኳኑ ያጉተመትማል። ቆይተው ወጡ፣ ላብ በላብ፣ ዝርዝሩን አነበቡ።

ገና ዛሬ የገባው ጥጋቤ ከላይ ሦስተኛ። አሥራ አንድ ቀን የተቀመጠው አባባ ዐሥራ አራተኛ።

ሰዎቹ ተያዩ። ማንም አልተናገረም። ለምን? ታብሌቱ ይሰማል ብለው ስለሚያምኑ። አያ ካሳ ራሳቸው ነገር ሲኖራቸው መጀመሪያ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞሩታል። ሁለት ሽማግሌዎች ስለ ሰው ሚስት ለማውራት እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ሄደው ተመለሱ።

ጥጋቤ ኮርቻ እየፈታ፦ «አንጓች፣ ይኼ ማሽንሽ ወዶኛል መሰለኝ።»

በቅሎህም ትወድሃለች፣ ለዚህ አይደል የምትራገጥህ አልኩት። ሳቁብኝ ወይስ ሳቁልኝ፣ አላወቅኩም። የኔታ አልሳቁም። ጋቢያቸውን እያጣጠፉ ነበር። በጣም በጥንቃቄ።

ጋቢው ውስጥ ምን አለ?

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ለአባባ ነገርኩት። የኔታ ስም ያንቀሳቅሳሉ አልኩ። እጁን ከገበታው አነሣ። እኒያ ሰው ፊደል ያስቆጠሩኝ ናቸው፣ ዳግመኛ ከአፍሽ እንዳልሰማ አለ። እኔንም አስቆጥረውኛል እኮ። ሰው «ሀ ሁ» አስተማረ ማለት ተራ አይሸጥም ማለት ነው?

ዳግመኛ ከአፌ አይሰማም። በእጄ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ። ጠዋት 1 ሰዓት

ወጥመድ። ታብሌቱ ድምፅ ይቀዳል። ከፍቼው፣ ስክሪኑን አጥፍቼ፣ ለየኔታ በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ አስረከብኩ። መረቁኝ። እግዚአብሔር ያሳድግሽ አሉ።

አሳድጎኛል። ይኸው።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ። ከቀኑ 11 ሰዓት

ቅጂውን ሰማሁ። የርካሽ ዕቃ ማይክ፤ ሰው እንስራ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ግማሽ ሰዓት የጋቢ ኮሽታ። በቅሎ አናፋች። አንድ ሰው አነጠሰ፣ ይማርህ ተባለ። ከዚያ የገባ ሰው ስሙን ተናገረ፣ ሄደ። ከዚያ የየኔታ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጸሎት፦

«ወደ ኋላ… አንድ… ሁለት… ሦስት… እምቢ አልክ? አራት… አምስት… ስድስት… ሰባት። እዚህ ነው ቦታህ።»

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ደብተር፣ ሰው እየገፉ ነው። ሰባት ቦታ ወደ ኋላ። አባባን ሰባት፣ ሌላውን ሰባት፣ እየተቆጠረ፣ በምራቅ በራሰ ጣት።

ያዝኳቸው።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ሦስት ቀን ያዝ ለቀቅ ካደረግኩ በኋላ ለአያ ካሳ አሰማሁ። መጀመሪያ ታብሌቱ መልስ ይሰጣል ብለው ፈርተው አንገታቸውን መለሱ። ከዚያ ጆሯቸውን ለጥፈው ሰሙ። አንጓች፣ ይህን ስትቀጂ ማን አየሽ አሉኝ። ማንም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ይሰብሰብ አሉ።

ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። ወደ ቤት በቁልቁለቱ እየሮጥኩ ሄድኩ።

ጥቅምት 17፣ እሑድ። ከሰዓት

ሃያ የሚሆን ሰው፣ ተራ ቤት ደጅ። ታብሌቱ በርጩማ ላይ፣ እንደ ዳኛ። ድምፁ ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ተጠጋ። ቅጂው ተከፈተ። «ሰባት። እዚህ ነው ቦታህ።»

አያ ካሳ ጠየቋቸው። የኔታ ሰባት ምንድን ነው?

የኔታ ታብሌቱን አላዩም። እኔን አዩኝ። እንዲህ ነው ያሉት፣ ቃል በቃል ጻፍኩት፦ «ብቻውን የሚቆጥርን ሰው ጆሮ ተሸሽጎ ከሰማው፣ እንግዲህ ጆሮው ይመልስ።»

ጥጋቤ ሊቆጣ ተነሣ፤ አንተ ዝም በል ተባለ፤ የተጠቀመው አንተ ነህ ተባለ። ጫጫታ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። ጥቅምት መድኃኔ ዓለም፣ ጠዋት፣ ከኪዳን በኋላ፣ የኔታ ከቤ/ክ ደጅ መስቀል ጨብጠው ይማሉ፣ ተራ አልሸጥኩም ብለው። ካልማሉ ጥፋተኛ ናቸው፣ ከማኅበሩ ይወጣሉ።

መሐላ ቀልድ አይደለም። እዚህ አገር ሰው በእውነት እንኳ መማል ይፈራል፤ መሐላ ያስማለንም የማለንም ያከሳል ይላሉ። አባባ መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። በር ላይ ደርሰን፦ «ያንን ነገር የቀዳሽው አንቺ ነሽ?»

አዎ።

ገባ። በሩን ለኔ ክፍት ትቶት፣ ግን ወደ ኋላ ሳያይ።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ። 10 ሰዓት

አሁን ታብሌቱ በእኔ እጅ ነው። የኔታ ከቤት አይወጡም። ጠዋት አያ ካሳ ዝርዝሩን ብቻ ያነባሉ፤ ጠዋት የሚገቡ ሰዎች ስማቸውን በወረቀት ይተዉልኛል፣ ስመጣ እኔ አስገባለሁ። ሁሉም በእኔ ጣት። ንጹሕ።

እና ዛሬ ጠዋት ማን ጫነ?

ጥጋቤ።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

አሁንም። ከላይ ያሉት ሦስቱ ባለፈው ሳምንት የገቡ ሰዎች ናቸው። አባባ ሰባተኛ። የኔታ ዕቃውን ካዩት አራት ቀን። ጣታቸው የለም፣ ጋቢያቸው የለም፣ ሰባቱ ግን እየሠራ ነው።

አያ ካሳ ሹክ አሉኝ፤ ሰውዬው ድግምት ጥለውበት ሄደው ይሆናል። ጠበል እንርጨው? ውኃ አይችልም አልኳቸው። ቅር አላቸው። ጠበል የማይችል ዕቃ ድሮም ጤና የለውም አሉ።

ግን የምጠረጥረው ሰው ካለቀ ማንን ልጠርጥር?

ጥቅምት 22፣ ዓርብ። ከቀኑ 11 ሰዓት

ደብተር።

የሸሸግኩትን ዓምድ ከፈትኩ። ስሞቹን አሳንሼ፣ ስክሪኑን ወደ ጎን አዙሬ፣ ቀኖቹን አወጣሁ። ሁለት ዓይነት ቀን አለ። እኔ ከሰዓት ያስገባኋቸው በታብሌቱ ዘመን፣ በፈረንጁ። የኔታ ጠዋት ያስገቧቸው በኛ ዘመን። በእኛ ጥቅምት፣ በእኛ ዓመተ ምሕረት።

በኛ የተጻፈው ከፈረንጁ ሰባት ዓመት ያንሳል። ታብሌቱ ምን ያውቃል? ጥጋቤ ከሰባት ዓመት በፊት ከጨነቅ ተመልሶ እስከ ዛሬ ያረፈ ሰው መሰለው። አዘነለት። ከላይ አወጣው። ሲመለስ ደግሞ ጠዋት ነው፤ እንደገና ሰባት ዓመት ያረፈ። አባባ ከሰዓት የሚገባ ሰው፤ የገባው በኔ እጅ፣ በፈረንጅ ቀን፤ ገና ትናንት የመጣ። ወደ ታች።

አባባን ከታች የቀበርኩት እኔ ነኝ። በራሴ ለስላሳ ጣት።

ያ ቆጠራም የስም አልነበረም። ታብሌቱ የቀን መምረጫውን ሲከፍት በፈረንጁ ዓመት ነው የሚከፍተው። የኔታ ተሳስቶ አገኙት፤ ዓመቱን አንድ በአንድ፣ በራሰ ጣት፣ ሰባት ወደ ኋላ መለሱት። «እዚህ ነው ቦታህ።» ሰነፍ ተማሪ እያረሙ ነበር።

በእጅዎ ቀኑን ይምረጡ አልኳቸው። በየትኛው ዘመን ብዬ አልነገርኳቸውም። ትዝም አላለኝም። ለእኔ የስክሪን ቀን የስክሪን ቀን ነው፤ ለእሳቸው ቀን አንድ ነው።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

አስተካከልኩት። ስድስት ሰው ብቻ ነበር፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አባባ አንደኛ። ጥጋቤ ሃያኛ። ለማንም አልተናገርኩም።

ማንም አያውቅም። ማንም ያን ዓምድ አይከፍትም። አሁን መሸሸግ እችላለሁ፤ እንደገና ወደ ጎን፣ አንድ ጣት ብቻ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ነገር አላሰብኩም ነበር። አያ ካሳ ዝርዝሩን በሰው ፊት አነበቡ፣ አባባ አንደኛ ሲባል እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። አያችሁ፣ ሰውዬው እጃቸውን ካነሡ በሳምንቱ ተራው ቀና አሉ። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሰው ራሱን ነቀነቀ። አንዱ ሽማግሌ መረቀኝ። ብልህ ልጅ አለኝ።

ማስተካከሌ የየኔታ ጥፋት ማስረጃ ሆነ። ዝም ባልኩ ቁጥር ማስረጃው ይወፍራል።

ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሁለት እንግዶች አሉ። የመጀመሪያው ጭነት የአባባ። ከሰዓት ሙሽሪትን ሲያሻሽ አየሁት። ያፏጭ ነበር። እኔ አባባ ማፏጨት እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

የኔታ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ሦስት ጊዜ ዞርኩ፤ ውሻቸው እንኳ ሰልችቶት ተኛ። ቤቶች አልኩ።

መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ መጽሐፍ ከጎናቸው፣ ተዘግቷል። «ግቢ። ያ ዕቃሽ ተኝቷል ወይስ እየሰማ ነው?»

ጠፍቷል፣ የኔታ።

«ሲጠፋ ቀን ይረሳል። የሰማውን ነገር ግን አይረሳም፣ አየሁት።»

ከማስተካከሌ በፊት ያስቀረሁትን የድሮ ዝርዝር ከፍቼ አሳየኋቸው። እዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ ስክሪኑ ወለል ብሎ ይታያል፣ ጋቢ አላስፈለገም። ሁለቱን ዓይነት ቀን በጣቴ አመለከትኩ፣ እንዴት እንደሚደረድር አስረዳሁ፣ በመካከላቸው ሁልጊዜ ሰባት ዓመት አለ አልኩ።

«ሁልጊዜ አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት። አስተምሬሽ ነበር። አንቺ መስኮት ታዪ ነበር።» ቀጠሉ። «ከፈረንጅ ጋር ሮጦ ሰባት ዓመት አልፎ አገኘሁት። ጎትቼ መለስኩት። ጠዋት ጠዋት ያው ነው፤ አይማርም።» ከዚያ ዝቅ ብለው አዩት። ጥጋቤ የሚለው ስም ላይ ጣታቸውን አቆሙ። «እና ይኼ ሰባት ዓመት አረፈ ነው የሚለው? ጥጋቤ?»

አዎ፣ የኔታ።

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው። «ጥጋቤ ሰባት ዓመት ካረፈ እኔም ጳጳስ ነኝ።»

አብሬ ልስቅ ስል አቆሙ።

ለምን እሑድ ዕለት አልተናገሩም አልኩ። የዘመን ቆጠራ ነው ቢሉ ኖሮ ወዲያው ይገባኝ ነበር። ይህን ስል ድምፄ የከሳሽ ድምፅ ሆነ፣ አሁንም፣ በእሳቸው ቤት።

«ለብቻዬ የማጉተመትመውን በርጩማ ላይ አውጥተሽ አስደመጥሽው። ሰው ሌባ ከተባለ በኋላ ስለ ዘመን ቢያስተምር ማን ይማራል?»

ይማሩኝ አልኩ። ጉልበታቸውን ልይዝ ጎንበስ አልኩ፤ በእጃቸው አቆሙኝ። እኔ እምርሻለሁ አሉ፣ እሱ ቀላል ነው፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ። ሌባ የተባልኩት ግን በሃያ ሰው ፊት ነው አሉ። ረቡዕ ግን እንደማይምሉ ነገሩኝ። በዚህ ዕድሜ ስለ በቅሎ ተራ መስቀል አልጨብጥም፤ ጥፋተኛ ይበሉኝ፣ ቤቴ እቀመጣለሁ። ተናገሪ አላሉኝም። ዝም በይም አላሉኝም። መጽሐፉን ከፈቱ፤ ውጪ ማለት ነው።

የሚጠረጠር ነገር ፈለግኩባቸው፣ እውነቴን ነው። ልጅቷን አባብዬ በሷ አፍ ልዳን ብለው ይሆን? እስከ ቤት ድረስ ፈለግኩ። አጣሁ።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ። ከሰዓት

ለአባባ ነገርኩት። ከነሰባቱ፣ ከነጋቢው፣ ከነዓምዱ። መጫኛውን እየጠገነ ነበር፤ መርፌው እጁ ላይ ቆመ።

ሌላ ማን ያውቃል አለኝ። የኔታ። አያ ካሳስ? አያውቁም።

ነገሩን አሰላሁለት፣ ሊያስብበት ጊዜ ሳይኖረው። ጭነቱ ነገ 2 ሰዓት ነው። መሐላውም ከኪዳን በኋላ፣ እዚያው ሰዓት ላይ ነው። ተራው ተጠርቶ ያልተገኘ ወደ ጭራ ይወርዳል፤ ወደ ጭራ ከወረደ እስከ ኅዳር ሚካኤል ሁለት ጭነት የለም፤ ጭነት ከሌለ ሙሽሪት የለችም። ስለዚህ እሱ ይጫን፣ ይሂድ፤ እኔ ብቻዬን ሄጄ እናገራለሁ። ወይም ደግሞ ከመሐላው በኋላ እናገራለሁ፣ ለአያ ካሳ ብቻ፣ በቀስታ። ያን ሁለተኛውን ስል ዓይኑን አላየሁትም።

መርፌውን ጋቢው ላይ ሰካ። «የኔታ ጥፋተኛ እየተባሉ በዚያ ዝርዝር እኔ አልጭንም።»

ተራህ እኮ እውነተኛ ነው አልኩት። ቀኑ ተስተካክሏል። አንደኛ ነህ፣ በሐቅ።

«በሐቅ ከሆነ ነገም ሐቅ ነው። አንቺ ለብቻሽ እዚያ ስትቆሚ እኔ የፈረንጅ ሻንጣ ይዤ ተራራ አልወጣም።»

ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። አላፏጨም።

አባባን እንዳታለልኩት ዓይነት ስሜት አለኝ፣ ሳላታልለው። ከዝርዝሩ ያወረድኩት ሁለቴ ነው፤ አንዴ ሳላውቅ፣ አንዴ እውነቱን በመናገሬ።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ። ጠዋት 2 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ቤ/ክ አጥር ሥር

ጉም። እጄ ስለበረደ ፊደሌ ተበላሽቷል። ኪዳን ሊያልቅ ነው።

ሰው እየመጣ ነው። ጥጋቤ አለ፣ ዛሬ አይቀልድም። አያ ካሳ ነጭ ለብሰው፣ እንደ ሙሽራ። የኔታ ከዋርካው ሥር ብቻቸውን ቆመዋል፣ ጋቢያቸው እስከ አንገት። ማንም አጠገባቸው አልቆመም። አባባ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ትከሻ ሳማቸው፣ ከጎናቸው ቆመ። ሰው አየ፣ ተንሾካሾከ። ከተራ ቤት አቅጣጫ የበቅሎ ቃጭል ይሰማል፤ እንግዶቹ ደርሰዋል፤ የአባባን ጭነት ሌላ ሰው እየጫነው ነው።

ታብሌቱ ብብቴ ውስጥ ነው፣ ሙሉ ባትሪ። ዓምዱን አውጥቼ ላሳያቸው አስቤ ነበር። ፀሐይ ባይኖርም ከሁለት ሜትር ማንም አያነብበውም። ደግሞም ሁሉም ዕቃውን ያያሉ፣ ዕቃው ነው ያጠፋው ይላሉ፣ እኔም እፎይ እላለሁ። ስለዚህ ብብቴ ውስጥ ይቆያል።

የምናገረውን ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። አንዱ ስለ ስክሪን ነበር፣ አንዱ ስለ ባትሪ፣ አንዱ ስለ ዘመን አቆጣጠር። አራተኛው አጭር ነው። የኔታ ተራ አልሸጡም፤ በየትኛው ዘመን እንደሚጻፍ ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ተደብቄ የቀዳኋቸውም እኔ ነኝ። ሦስት ነገር። ከዚያ የሚሉኝን ይበሉኝ።

ቄሱ መስቀሉን ይዘው ወጡ። የኔታን ጠሩ። የኔታ አልተንቀሳቀሱም። አያ ካሳ አፋቸውን እየከፈቱ ነው፣ ከእሳቸው በፊት መድረስ አለብኝ፣ ተነሣሁ